የጋዝ ምድጃ በሐረር ቤት፦ ከእሳቱ በፊት የጭሱን መውጫ ማቀድ

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ደንበኛዬ ቤት ተጠርቼ ሄድሁ። ሳሎኑ መሀል ገና ያልተከፈተ ትልቅ ካርቶን ተቀምጧል። ውስጡ ያለው ልጃቸው ከውጭ አገር የላከላቸው የሳሎን የጋዝ ምድጃ ነው። ሶፋው ቦታ ቦታውን ይዟል፣ ቴሌቪዥኑ ተሰቅሏል፣ ምድጃው የሚገባበት ግድግዳም በእርሳስ ተሰምሮ ተዘጋጅቷል። የቤቱ እናት ጋቢያቸውን እንደደረቡ «ልጄ፣ ዛሬ ማታ እንሞቅበታለን?» አሉኝ። እኔ ደግሞ «እማማ፣ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ምን አለ?» አልኋቸው። የጎረቤት መኝታ ቤት ነበር።

ምድጃው በዚያ ግድግዳ ላይ አልተገጠመም። ሶፋው ተነሣ፣ ቴሌቪዥኑ ወረደ፣ ምድጃው ወደ ግቢው የሚያየው ግድግዳ ላይ ሄደ። ይህ ሁሉ ድካምና ወጪ የመጣው ዕቅዱ ከእሳቱ ስለጀመረ ነው። ዕቅድ ከጭሱ መውጫ ይጀመር። ምድጃው ኋላ ይደርሳል።

ድሬዳዋ ያሉ ዘመዶቻችን ማራገቢያ ከፍተው ሲተኙ እኛ እዚህ ብርድ ልብስ እንደራርባለን። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። ብዙ ሰው ለዚያ ብርድ የሚያውቀው መድኃኒት ማንደጃ ነው፤ ከሰሉ ፍም እስኪሆን ውጭ ይቀጣጠልና ወደ መኝታ ቤት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ስንት ቤተሰብ በዚህ መንገድ ተኝቶ እንደቀረ በየሰፈሩ የሚነገር ነው። በትክክል የተገጠመ የጋዝ ምድጃ ከዚህ እጅግ ይሻላል። ያለ ዕቅድ ከተገጠመ ግን ያው ማንደጃ ነው፣ መልኩ ብቻ አምሯል።

1. ከእሳቱ ምን እንደሚወጣ ማወቅ

በሲሊንደር የሚመጣልን ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ድብልቅ ነው። 1 ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል 3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከ1.5 ኪሎ በላይ የውሃ ተን ያወጣል። ይህ በደንብ ሲቃጠል ነው። አየር ካነሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨመርበታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ጋዙ ሲያፈስ የምንሰማው ሽታ ለማስጠንቀቂያ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው፤ ጋዙ ከተቃጠለ በኋላ ያ ሽታ አይኖርም። «ሽታ ስለሌለ ደኅና ነው» የሚለው ሐሳብ ሰው የሚገድለው እዚህ ላይ ነው።

2. የምድጃውን ዓይነት መምረጥ

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ።

የመጀመሪያው «ጭስ ማውጫ አያስፈልገውም» ተብሎ የሚሸጠው ነው። ይህን አልገጥምም፤ ለዘመድም ለደንበኛም መልሴ አንድ ነው። የተቃጠለው ሁሉ እናንተ በምትተነፍሱት አየር ውስጥ ይቀራል። የውሃ ተኑም አንድ ምሽት ሙሉ ሲነድ ሊትሮች ይሆናል፤ ያ ውሃ ግድግዳችሁ ላይ ያርፋል፣ ቀለም ይልጣል፣ ሻጋታ ያመጣል። በጭቃ በተያያዘ የድንጋይ ግንብ ላይ ጉዳቱ የባሰ ነው።

ሁለተኛው አየሩን ከክፍሉ ወስዶ ጭሱን በተፈጥሮ ስበት ወደ ጣራ በሚወጣ ቱቦ የሚያስወጣው ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን ክፍሉ በቂ አየር ሊኖረው ይገባል፣ ጭሱም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።

ሦስተኛው ፊቱ በመስታወት የታሸገ፣ ቱቦ በቱቦ ውስጥ ያለው ነው። በውጨኛው ቱቦ ንጹሕ አየር ከደጅ ይገባል፣ በውስጠኛው ጭሱ ይወጣል። ክፍላችሁ ውስጥ ያለውን አየር አይነካውም። ውድ ነው፤ ልጆች ለሚተኙበት ቤት ግን ሌላውን አልመክርም።

3. ሜትር ይዞ ቤቱን ከውጭ መዞር

ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አትቸኩሉበት። ምድጃው ሊቀመጥ የሚችልበትን እያንዳንዱን ግድግዳ ከውጭ በኩል እዩ። ጭስ ማውጫው የሚወጣበት ቦታ ሰው የሚመላለስበት ከሆነ አፉ ከመሬት ቢያንስ 2.1 ሜትር ከፍ ይበል። በሁለተኛው ዓይነት ምድጃ የቱቦው አፍ ከሚከፈት መስኮትና በር ቢያንስ 1.2 ሜትር ይራቅ። ለታሸገው ዓይነት ከምድጃው ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ያነሰ ርቀት ሊፈቅድ ይችላል። መጽሐፉን ተከተሉ፤ እኔ ግን ቦታ ባገኘሁ ቁጥር ከ1 ሜትር በታች አልወርድም። የጎረቤት መስኮትም መስኮት ነው። የእናንተ ጭስ ወደ ሌላው ሰው መኝታ ቤት ከገባ መርዙ ያው ነው።

በጁገል ግንብ ውስጥ፣ ማለትም በቅጥር በተከበበችው በአሮጌዋ ከተማ ላላችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው የቆሙ፣ መተላለፊያዎቹም ጠባብ ናቸው። ከተማዋ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ ስለዚህ ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት የቅርስ ጉዳይ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ። ምክሬን ከጠየቃችሁኝ በጥንታዊው ጌ ጋር፣ ማለትም በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ውስጥ የጋዝ ምድጃ አታስገቡ። ነደባው፣ ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ፣ ምንጣፍ ለብሷል፣ ግድግዳው ሙሉ በስፌትና በሙዳይ ተሸልሟል፤ ከእሳት አጠገብ መሆን የሌለበት ነገር ሁሉ በአንድ ክፍል ተሰብስቧል። ጣራው ጠፍጣፋ ስለሆነም ሰው ይወጣበታል፣ እህል ያሰጣበታል፤ ጭስ ማውጫ እዚያ ማቆም ማለት መርዙን ከሰው አፍንጫ ፊት ማድረግ ነው። ያን ቤት እንዳለ ተዉት። ይህ መመሪያ በይበልጥ ከግንቡ ውጭ ላሉት አዳዲስ ቤቶች ነው።

ግድግዳው ድንጋይ ከሆነ ውፍረቱን ለኩ። ከምድጃው ጋር የሚመጣው የግድግዳ ማሳለፊያ የተወሰነ ውፍረት ብቻ ይችላል፤ ይህን ሳይለኩ ዕቃ ያዘዙ ሰዎች ሁለተኛ ለማዘዝ ተገደዋል።

4. መጠኑን ማስላት

ሰው ሁሉ ትልቁን ይፈልጋል። ሐረር ግን በረዶ የሚወርድባት አገር አይደለችም፤ ለአንድ መካከለኛ ሳሎን 4 ወይም 5 ኪሎ ዋት ይበቃል። ወጪውን አስቡት፦ 1 ኪሎ ጋዝ ወደ 12.8 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። 5 ኪሎ ዋት ምድጃ በሰዓት 400 ግራም ገደማ ይበላል ማለት ነው። 12.5 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር 32 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በየምሽቱ ሦስት ሦስት ሰዓት ብታነዱት ከ10 ቀን ጥቂት ያልፋል። 7 ኪሎ ዋት ከሆነ ሳምንት ብቻ ነው። ጋዝ ከገበያ የሚጠፋባቸውን ወራትም ከሒሳቡ ጨምሩ።

ከፍታችንም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። በሐረር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። ለተመሳሳይ ነበልባል የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል ማለት ነው። የአሜሪካ የጋዝ ሥራ ደንብ ከ600 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የምድጃው ኃይል በየ300 ሜትሩ 4 በመቶ እንዲቀነስ ያዝዛል፤ በዚህ ስሌት 5 ኪሎ ዋት የተባለው ምድጃ እዚህ 4 ኪሎ ዋት የማይሞላ ይሆናል። ቅነሳው የሚደረገው ጋዝ የሚረጭባትን ትንሽ ቀዳዳ፣ ኖዝል የምንላትን፣ ለከፍታው በተሠራች አነስተኛ በመቀየር ነው። «ነበልባሉ አነሰብኝ» ብሎ ኖዝሏን በመርፌ የሚያሰፋ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ከቤታችሁ አስወጡት።

ከውጭ የተላከ ምድጃ ከሆነ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። በብዙ አገሮች በየቤቱ በመስመር የሚገባው የተፈጥሮ ጋዝ፣ ማለትም ሜቴን ነው። በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የሚገኘውም በዋናነት እሱ ነው። የእኛ የሲሊንደር ጋዝ በተመሳሳይ መጠን ከሜቴን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሙቀት አለው። ለሜቴን የተሠራ ምድጃ ላይ ሲሊንደር ብትቀጥሉ ነበልባሉ ከልክ በላይ ይሆናል፣ ጥቀርሻ ይሞላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመርታል። ከምድጃው ጀርባ ወይም ከሥር ያለውን የብረት ጽሑፍ አንብቡ፤ ለፕሮፔን ወይም ለቡቴን ካልተባለ አምራቹ ለዚያው ሞዴል ያዘጋጀው መቀየሪያ ይገዛ። መቀየሪያው ካልተገኘ ምድጃው ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ።

5. የሲሊንደሩ ቦታ

ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ ይቀመጥ፤ ቀጥ ብሎ፣ በሲሚንቶ መደብ ላይ፣ ጥላ ሥር። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 1 ሜትር፣ ከፍሳሽ ጉድጓድ 2 ሜትር ይራቅ። የጉድጓዱን ነገር የምጠቅሰው ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ነው፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ገደማ። ሲያፈስ ወደ ላይ አይሄድም፤ እንደ ውሃ ወለል ለወለል ይፈስና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። ከአየሩ 2 በመቶ ገደማ ሲሆን ብልጭታ ይበቃዋል።

ለሲሊንደሩ የብረት ወይም የብሎኬት ቤት የምትሠሩለት ከሆነ ከሥሩ ቀዳዳ ተዉለት። የጁገል ግንብ ሲሠራ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ከግርጌው እንደተተወለት ሁሉ፣ ለጋዙም መውጫው ከመሬቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከላይ ብቻ የተከፈተ ሳጥን ጋዝ የሚያጠራቅም ገንዳ ነው።

6. የጋዝ መስመሩ

ከሲሊንደሩ ሬጉላተር፣ ማለትም የጋዙን ግፊት ከሚቀንሰው መሣሪያ፣ እስከ ምድጃው የሚሄደው መስመር የመዳብ ወይም ለጋዝ የተሠራ የብረት ቱቦ ይሁን። የጎማ ቱቦ ለሲሊንደሩ መጋጠሚያ ብቻ ነው፤ አጭር ይሁን፣ በግድግዳ ውስጥ አይለፍ፣ በላዩ ላይ የታተመው ዓመት ሲያልፍ ይቀየር። መስመሩ በግድግዳ ሲያልፍ በሰፊ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። ምድጃው ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ከምድጃው 1.8 ሜትር ሳይርቅ፣ በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ ይኑር። ሶፋ ጀርባ አትደብቁት፤ በጨለማ ውስጥ እጃችሁ የሚያገኘው መሆን አለበት።

7. የጭስ ማውጫው ቱቦ

ለታሸገው ምድጃ ከአምራቹ የመጣውን ቱቦ ብቻ ተጠቀሙ። ላሜራ ቤት አስቀጥቅጦ መግጠም እንደ ቁጠባ ይታያል፤ ነገር ግን የሁለቱ ቱቦዎች መገጣጠሚያ ትንሽ ከላላ ጭሱ ከሚገባው አየር ጋር ይቀላቀላል።

ወደ ጣራ ለሚወጣው ዓይነት ጥቂት ነገሮችን ያዙ። ቱቦው በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ይውጣ፤ የግድ መጋደም ካለበት በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ከፍ እያለ ይሂድ። ከቆርቆሮው በላይ 90 ሳንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም ግንብ ወይም ጣራ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲበልጥ አደርጋለሁ። ያነሰ ከሆነ ነፋስ ጭሱን መልሶ ያስገባዋል።

በጣም የምፈራው ቦታ ኮርኒሱ ነው። የብዙ ቤት ኮርኒስ አቡጀዲ ወይም ቺፑድ ነው፤ ከላዩ ደግሞ የደረቀ የጣራ እንጨት አለ። ነጠላ ቱቦ ከሚቃጠል ነገር 15 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ለጋዝ ጭስ የተሠራው ድርብ ቱቦ እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይፈቀድለታል። ኮርኒሱን አሳልፋችሁ ስትወስዱት ድርቡን ብቻ ተጠቀሙ፤ ዙሪያውን በብረት ቀለበት ከልሉ፤ ክፍተቱን በጨርቅ ወይም በስፖንጅ አትድፈኑ።

8. ለክፍሉ አየር መግቢያ

ይህ ለታሸገው ምድጃ አያስፈልግም። ከክፍሉ አየር የሚወስድ ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ ዋት 4.8 ሜትር ኩብ የክፍል ይዘት ያስፈልጋል። 5 ኪሎ ዋት 24 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ 3 በ3 የሆነ፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 22.5 ብቻ ስለሆነ አይበቃም። ይህ ስሌት በበርና በመስኮት ክፍተት ጥቂት አየር ለሚያስገባ ቤት ነው። የዛሬ የአሉሚኒየም መስኮቶች ግጥም ብለው ይዘጋሉ፤ ስለዚህ አንድ ከወለሉ አጠገብ፣ አንድ ከኮርኒሱ አጠገብ ወደ ውጭ የሚከፈት ቀዳዳ ይበጅ። በብርድ ጊዜ በጨርቅ እንዳይደፈን ለቤቱ ሰው ሁሉ ይነገር። መታጠቢያ ቤትና መኝታ ቤት ውስጥ ይህን ዓይነት ምድጃ ጨርሶ አልገጥምም።

9. ሙከራ፦ ሳሙናና ዕጣን

መስመሩ ካለቀ በኋላ፣ ግድግዳው ሳይለሰን ይሞከር። የልብስ ሳሙና በውሃ አረፋ እስኪያወጣ ምቱና ጋዙ ተከፍቶ፣ ምድጃው ሳይለኮስ፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በብሩሽ ቀቡት። ከዚያ አትሂዱ፤ ጎንበስ ብላችሁ ጠብቁ። አንድ ጊዜ በአዲስ ቤት ውስጥ መጋጠሚያው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ የመጨረሻውን ክርን፣ ማለትም የቱቦውን መታጠፊያ፣ ከጀርባው በጣቴ ቀባሁት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይታ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ብቅ አለች፣ ቀስ ብላ ሽምብራ አከለች፣ ፈነዳች፣ በቦታዋ ሌላ ተተካች። ለአፍንጫ የማይሰማ ፍሳሽ ነበር። ያ ክርን ተለስኖበት ቢሆን ኖሮ ጋዙ ሌሊት ሌሊት ወለሉ ላይ ይተኛ ነበር። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

ለጭሱ ደግሞ ዕጣን አለን። ምድጃው ወደ ጣራ የሚያስወጣ ዓይነት ከሆነ በርና መስኮት ዝጉ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ጭስ የሚስብ ማራገቢያ ካለ እሱንም አብሩ፤ ጭስን ወደ ኋላ የሚጎትተው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ምድጃውን ለኩሳችሁ 5 ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ በማጨሻ የያዛችሁትን ዕጣን ከምድጃው የጭስ መሳቢያ አፍ ሥር አስጠጉት። የዕጣኑ ጢስ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ከተሳበ ጥሩ ነው። ቀጥ ብሎ ከወጣ ወይም ወደ ፊታችሁ ከመጣ አጥፉት፤ ቱቦው ተዘግቷል፣ አጥሯል ወይም ክፍሉ አየር አጥሮታል።

የነበልባሉ ቀለም ግራ እንዳያጋባችሁ። በማብሰያ ምድጃ ቢጫ ነበልባል የችግር ምልክት ነው፤ የሳሎን ምድጃ ግን ለውበት ሲባል ቢጫ እንዲያበራ ተደርጎ የተሠራ ነው። እዚህ የምትጠብቁት መስታወቱ ላይ የሚቀመጥ ጥቁር ጥቀርሻን፣ ከማቀጣጠያው ተነሥቶ የሚንሳፈፍ ነበልባልንና እንግዳ ሽታን ነው።

10. ማስጠንቀቂያ መሣሪያዎቹ

ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የጋዝ ፍሳሽ የሚያሳውቀው ወለሉ አጠገብ ይሰቀላል፤ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ፣ በመኝታ ቤቶቹ አጠገብ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ክብደት ስላለው በክፍሉ ሁሉ ይሰራጫል። መሣሪያው ካልተገኘ ምድጃው ሥራ አይጀምር፤ ድርድር የማላውቅበት ነገር ይህ ነው።

ቤተሰቡ በአንድ ምሽት አብሮ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ውጭ ሲወጣ ደግሞ ከተሻለው ምግቡን አትጠርጥሩ። ምድጃውን አጥፉ፣ ሁሉንም ሰው አውጡ፣ ወደ ሐኪም ሂዱና ጋዝ የሚነድበት ቤት ውስጥ እንደነበራችሁ ተናገሩ። የጋዝ ሽታ ከሆነ ደግሞ መብራት አታብሩም አታጥፉም፤ በር ከፍታችሁ ውጡ፣ ሲሊንደሩን ከውጭ ዝጉ፣ ስልክ ከግቢ ወጥታችሁ ደውሉ።

11. ከመለኮሱ በፊት የመጨረሻው ዙር

የታሸገው ምድጃ መስታወት ሲግል ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ገና መዳህ የጀመረ ልጅ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ የወንፊት መከለያው ከምድጃው ጋር ካልመጣ አሠሩለት። መጋረጃ፣ ሶፋና ምንጣፍ ከፊቱ 90 ሳንቲ ሜትር ይራቁ።

በየዓመቱ መስከረም ውስጥ፣ ብርዱ ሳይገባ፣ መሰላል አቁሙና የቱቦውን አፍ እዩት። ክረምቱን ሙሉ ሳይነድ የቆየ ቱቦ ለወፍ ጥሩ ቤት ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ካንዱ ውስጥ አንድ ክንድ የሚሞላ ሣርና ላባ አውጥቻለሁ፤ የቤቱ ባለቤት በዚያው ሳምንት ሊለኩሰው ክብሪት ገዝቶ ነበር። ከላይ ያለው ወንፊት ካልተቀደደ፣ የሳሙናው ሙከራ ከተደገመ፣ የመሣሪያዎቹ ባትሪ ከተቀየረ፣ የዕጣኑም ጢስ ወደ ውስጥ ከተሳበ ለኩሱት።